ፎቶው ላይ የቀረ እጅ

ስለ እናቴ ሁለት ጊዜ ዋሽቻለሁ። አንዱን በአሥራ አንድ ዓመቴ፣ ሌላውን በአርባ አንድ ዓመቴ። ሁለቱንም ጊዜ የተጎዳችው አንዲት ሴት ናት፤ ታናሽ እህቴ። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይባላል። ተረቱን ያወጣው ሰው ስንቁን እንጂ ውሸቱን የተሸከመ አይመስለኝም።

እህቴ ፈረንሳዊት ዲጄ ናት። ይህን በአፌ ተናግሬው አላውቅም ነበር፤ አሁን ስጽፈው እንኳ የሰው እህት ሰርቄ የማወራ ይመስለኛል። ዲጄ ስል ሠርግ ቤት ጥግ ቆሞ ዘፈን የሚቀያይረውን ማለቴ አይደለም። እሷ ሙዚቃውን ራሷ ትሠራዋለች። ወራት ሙሉ ከማሽኖቿ ጋር በር ዘግታ ትከርማለች፤ ከዚያ ትወጣና አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ቆማ ታጫውተዋለች። ዘፋኝ የለውም፣ ግጥም የለውም። ምት ብቻ ነው። ምቱ ይደራረባል፣ ይፈጥናል፣ መሀል ላይ ድንገት ቀጥ ይላል፣ ሰዉ ትንፋሹን ይይዛል፣ ከዚያ እንደገና ይመጣል። ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ይሉታል። እኔና እናቴ ግን ያ ምት ከየት እንደመጣ ከእሷ በፊት እናውቅ ነበር።

የተወለድነው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ጥግ ነው። ቤታችንን ከበርሜል ቀጥቃጮቹ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ነበር። ሰዎቹ ከጠዋት ጀምረው ያገለገለ በርሜል ቀደው ይቀጠቅጡታል፣ ይዘረጋል፣ ከዚያ ምድጃ ወይም ባልዲ ይሆናል። እናቴ ምሳቸውን ታቀርብላቸው ነበር። እኛ ቤት እንግዳ ቢመጣ አምስት ደቂቃ ሳይቆይ ራሱን ይዞ ይወጣል። እህቴ ግን የምትተኛው በዚያ ድብደባ ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን መዶሻው ሁሉ በአንድ ጊዜ ያርፋል፤ ያኔ ብንን ብላ ታለቅሳለች። እናቴ ከጓዳ ብቅ ትልና «አይዞሽ፣ ለምሳ ወጥተው ነው» ትላታለች። ሲመለሱ እሷም ተመልሳ ትተኛለች።

አባታችን ጥሎን ከሄደ በኋላ እናቴ ሳንባዋን ታመመች። ምሳ ማቅረቡ ቀረ። አጎታችን፣ የእናቴ ወንድም፣ አንድ ደላላ ይዞ መጣ። ልጅቷን ወስዶ የሚያሳድግ የፈረንሳይ ቤተሰብ አለ፣ ታድጋ፣ ተምራ ትመጣለች አለ። ብቻ እናትም አባትም የሌላት ከሆነች ነው ወረቀቷ ቶሎ የሚያልቀው። እናቴ ነገሩ የገባት እንደ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ልጄ ትለወጣለች እንጂ ልጄ ትወሰዳለች ብላ አላሰበችም።

ለወረቀቱ ፎቶ አስፈለገ። የነበረን አንድ ፎቶ ነው፣ በሁለት ቅጂ። እናቴ በርሜሎቹ ፊት ቆማለች፣ እህቴ ከፊቷ፣ የእናቴ ቀኝ እጅ የእህቴ ትከሻ ላይ። የሞተች እናት ፎቶ ላይ ደህና ሆና መታየት የለባትም ተባለና አጎቴ መቀስ አቀበለኝ። ራሱ ሊቆርጣት አልደፈረም። እናቴን ቆርጬ አወጣኋት። ትከሻው ላይ ያለውን እጅ ግን የእህቴን አንገት ሳልነካ ማውጣት አልቻልኩም፤ ተውኩት። ሁለተኛውን ቅጂ እናቴ ደበቀችው።

በማግስቱ ቢሮ ሄድን። እናቴ ከመንገዱ ማዶ ቆማ፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ታየናለች። ውስጥ አንድ መነጽር ያደረገ ሰውዬ ወረቀቱን አገላብጦ ከአጎቴ ይልቅ ወደ እኔ ዞረና እናትህ የት ናት አለኝ። «ሞታለች» አልኩ። ቃሉ እንዲህ በቀላሉ ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ስንወጣ እናቴ እዚያው ነበረች። እህቴ ወደ እሷ ልትሮጥ እጄን ስትጎትት ጠበቅ አድርጌ ያዝኳት። አራት ዓመቷ ነበር።

የቀረውን ላሳጥረው። እናቴ ዳነች። ዳነችና ልጇ እንደማትመለስ ገባት፤ ከመሞት መሰንበት የሚባለው ለሷ አልሠራም። ጴንጤ ሆነች፣ በየጠዋቱ በጉልበቷ ተንበርክካ የልጇን ስም ትጠራለች። እኔ ዲቪ ደርሶኝ ሲያትል መጣሁ፣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ሴት ልጅ ወለድኩ፣ እናቴን አመጣኋት። ከሲያትል ወጣ ብሎ ፌደራል ዌይ አንድ አፓርታማ ውስጥ አራት ሆነን መኖር ጀመርን። እዚህ ሌላ ልጅ እንዳላት ከባለቤቴ በቀር ማንም አያውቅም። የቤተ ክርስቲያን እናቶች «አንድ ወልደው ተባርከዋል» ሲሏት አሜን ትላለች፤ ከዚያ ሌሊቱን አትተኛም።

እህቴን ያገኘኋት ሬኒየር ቢች፣ የአውቶቡሴ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ደቂቃ እረፍት ነበረኝ። የእናቴን ጸሎት ጠዋት ሰምቼ ስለወጣሁ ይሁን አላውቅም፣ ስሟን በላቲን ፊደል ስልኬ ላይ ጻፍኩት። ከዚያ በፊትም ብዙ ጊዜ ሞክሬ የማላውቃቸው ሴቶች እየመጡ ተውኩት ነበር። በዚያ ቀን ግን መጀመሪያ የወጣው የሙዚቃ ሸክላ ሽፋን ነው። ፎቶው ደብዝዟል፤ አንዲት ትንሽ ልጅ፣ ከጀርባዋ የበርሜል ክምር፣ ትከሻዋ ላይ ባለቤት የሌለው እጅ። ከላይ እናቴ ያወጣችላት ስም፣ ያለ አባት ስም። ተሳፋሪ በሩን እስኪያንኳኳ ድረስ መነሳት አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ እሷን ማንበብ ሆነ። በፈረንሳይኛ የተጻፈውን በስልኬ እያስተረጎምኩ፣ በየእረፍቴ። ያደገችው ሊዮን አጠገብ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቷ በአንድ ምድር ቤት ውስጥ የሰው ሸክላ ማጫወት ጀመረች። አሳዳጊዎቿ የፋርማሲ ትምህርት አስገብተዋት አቋረጠች። ፓሪስ ሄዳ ልብስ ሱቅ እየሠራች በየሳምንቱ አንድ ጠባብ ክለብ ውስጥ፣ ሰው ሳይሞላ በፊት ያለውን የማይፈለግ ሰዓት ታጫውት ነበር። የመጀመሪያ ሥራዋን አራት አሳታሚ አልፈልግም አላት። አምስተኛው ተቀበላት። ከዚያ በርሊን፣ ከዚያ ቶኪዮ። አንድ ቃለ መጠይቅ ላይ ይህ ምት ከየት መጣ ብለው ጠየቋት። ከአገሬ የማስታውሰው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፣ ብረት ሲመታ፣ ምን እንደሆነ ግን የሚነግረኝ ሰው የለም፣ እናቴ ሞታለች አለች። አውቶቡሱ ባዶ ስለነበር ያለ እፍረት አለቀስኩ።

ለእናቴ ቀስ ብዬ ነገርኳት። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ብቻ ሳይሆን ደግ ወሬም በአንድ ጉርሻ አይሰጥም። አንድ እሑድ ከሰዓት ቴሌቪዥኑ ላይ የእህቴን ሙዚቃ ከፈትኩና ማን እንደሆነች ሳልናገር ቁጭ አልኩ። እናቴ ዘፈን አትሰማም፤ ኃጢአት ነው። ልታጠፋው ሪሞት ልታነሳ ነበር። ከዚያ ቆም አለች። ልጄ ሳሎኑ መሀል ገብታ መዝለል ጀመረች። ምቱ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ሄደና መሀል ላይ ዝም አለ። እናቴ ወደ ቴሌቪዥኑ ዘንበል ብላ፣ ለራሷ ነው የተናገረችው፣ «ለምሳ ወጡ» አለች።

ከዚያ በኋላ መናገር አላስፈለገኝም። ስሟን አነበብኩላት። በየቀኑ ክፈትልኝ ትል ጀመር። አንቺ ጴንጤ አይደለሽም እንዴ ብዬ ስቀልድባት «ቃል የለው፣ ኃጢአቱ የቱ ጋ ነው?» ትለኛለች። ኩላሊቷ ሥራ አቁሞ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ስትገባ እንኳ ጆሮ ማዳመጫ አድርጋ እሷን ትሰማ ነበር። ነርሶቹ መዝሙር ይመስላቸዋል።

ለእህቴ ሁለት ዓመት ጻፍኩላት። ወንድምሽ ነኝ፣ እናታችን አልሞተችም እያልኩ። መልስ የለም። ዘመድ ነኝ የሚላት ሰው ስንቱ እንደሆነ አሁን አውቃለሁ፤ ያኔ ግን እያየች ዝም ያለችኝ ይመስለኝ ነበር። እናቴ እየደከመች ሄደች። ሐኪሟ ዓመቱን መጨረሷን እንደሚጠራጠር በጨዋ ቋንቋ ነገረን። ያለኝ ጸሎት አንድ ሆነ፤ ሳትሞት ይተያዩ።

እንግዲህ በዚያው ሰሞን ሲያትል አንድ አዳራሽ ልታጫውት እንደምትመጣ ተለጠፈ። አርብና ቅዳሜ፣ ሁለት ቀን።

አርብ ከሥራ ቀረሁ። እናቴ የደበቀችውን ያልተቆረጠ ፎቶ ከዕቃዋ አውጥቼ በፖስታ ይዤ ከአዳራሹ ኋላ፣ ዕቃ የሚወርድበት በር ጋ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ቆምኩ። ጥበቃው ሁለት ጊዜ አባረረኝ፣ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሲጋራ ልታጨስ ወጣች። አጭር ናት፣ እንደ እናቴ። ጥቁር ሹራብ፣ ጸጉሯ የተላጨ። ስሟን እናቴ እንደምትጠራው አድርጌ ጠራሁት። ዞረች። ፈረንሳዮቹ እንደዚያ እንደማይጠሩት ገብቶኛል። መናገር ስላቃተኝ ፎቶውን ሰጠኋት።

ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። በጣቷ እጁን ያዘችና ወደ ላይ ክንዱን፣ ከዚያ ትከሻውን፣ ከዚያ ፊቱን ተከተለች። ሲጋራዋ በራሱ አለቀ። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሷ በፈረንሳይኛ የተሸበበ፣ የእኔ በአማርኛ። ማን ናት አለችኝ። እናታችን ናት አልኳት። በሕይወት አለች፣ ከዚህ አርባ ደቂቃ ነው የምትኖረው። ሁሉንም ነገርኳት፣ መቀሱንም፣ ቢሮውንም፣ ከመንገዱ ማዶ የቆመችውንም። ስለ በርሜሎቹ ስነግራት ግድግዳ ተደግፋ ቁጢጥ አለች። አልጮኸችም፣ አላቀፈችኝም። ስልኬን ወሰደችና ቁጥሯን መዘገበችበት፤ የእኔን ቁጥርና የቤታችንን አድራሻም ወሰደች።

እሑድ ጠዋት እመጣለሁ አለች። ዛሬና ነገ ሥራ አለብኝ፣ ሥራ በጭንቅላቴ ይዤ እሷ ፊት መቆም አልፈልግም፣ ታግሳ ትጠብቀኛለች አይደል አለችኝ። እናቴ ምን ያህል እንደደከመች ልነግራት ይገባኝ ነበር። ትጠብቅሻለች አልኳት።

ለእናቴም አልነገርኳትም። ደስታው ልቧን እንዳያቆመው ፈራሁ፤ እሑድ ጠዋት ገላዋን ታጥባ፣ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ሶፋው ላይ ስትቀመጥ በጥቂቱ እነግራታለሁ ብዬ አቀድኩ። ባለቤቴ ቀሚሱን አጠበች። እኔ ሶፋውን ወደ በሩ አዞርኩት።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ እጥበት ላይ እያለች ራሷን ሳተች። በአምቡላንስ ሲያትል ከተማ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ሲያመጧት በአይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ከኋላቸው እየነዳሁ ተከተልኩ። ክፍል ውስጥ ከገባች በኋላ አንዲት ነርስ ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝ። መጠራት ያለበት ሰው ካለ አሁን ጥራው አለችኝ፤ ደግማም ዛሬ አለች። ከዚህ በላይ በግልጽ የሚነገር ነገር የለም።

ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። እህቴ ነበረች።

«ሌሊቱን አልተኛሁም» አለችኝ። «እሑድ ድረስ መጠበቅ አልችልም። እስከ ማታ አይፈልጉኝም፤ አሁን ልምጣ። እንዴት ናት?»

እናቴ ከእኔ ሁለት እርምጃ ላይ ነበረች። አፍንጫዋ ላይ ቱቦ፣ አንገቷ ላይ ቱቦ፣ ጸጉሯ ያልተሸረበ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሷ ኩባያ ውስጥ።

«ደህና ናት» አልኳት። «ትንሽ ደክሟት ተኝታለች። ነገ ይሻላል።»

ለምን እንዳልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን መርምሬዋለሁ። ሥራ ላይ ያለን ሰው ማስደንገጥ ነውር ነው ብሎ ያሳደገኝ ሰፈር አለ፤ ሰው ሲታመም ደህና ነው፣ ሲያጣጥር ትንሽ አሞታል፣ ሲሞት ደግሞ ታሟልና ቶሎ ድረስ የሚባልበት አገር ነው ያደግኩት። እሱ አንዱ ነው። ግን እውነቱን ልናገር፤ አፈርኩ። ሠላሳ ዓመት ሞታለች ያልኳትን እናት እንዲህ ሆና ላሳያት አልፈለግኩም። ከሶፋው ላይ፣ በነጭ ቀሚስ፣ ጥርሷን አድርጋ እንድታገኛት ፈለግኩ። የቀረችንን ሰዓት ለአንድ ቀሚስ ሸጥኳት።

ኦኬ አለች እህቴ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮዬ ላይ ይዤው ቆየሁ።

ባለቤቴ ከአረጋውያን እንክብካቤ ሥራዋ ደወለች። የነርሷን ቃልና የእህቴን ስልክ ስነግራት «ጀስት ኮል አድርግላት፣ በእናትህ» አለችኝ። «እሷ እንደኛ አላደገችም፤ ሶ፣ መደበቁ አይገባትም። ንገራትና ራሷ ትወስን።» እሺ አልኳት። መልእክት ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ። አሁን እናትሽ ልትሞት ነው ብላት ቅድም የዋሸሁት ሊታወቅብኝ ነው። ይህን የመሰለ ትንሽ ነገር አስሮ ያዘኝ።

በምትኩ ወደ እናቴ ጆሮ ጎንበስ ብዬ፣ ልጅሽ ሲያትል ናት፣ ትላንት አይቻታለሁ፣ አንቺን ትመስላለች አልኳት። ልቧ አልቆመም። ዓይኗን ከፈተች። የት ናት አለችኝ በከንፈሯ። ሥራ ላይ ናት አልኳት።

«አታስቸግራት» አለች። «ስትጨርስ ትምጣ።»

ይህን ቃል በኋላ ለራሴ ምስክር ላደርገው ብዙ ሞክሬያለሁ፤ እናቴ ራሷ ናት ትቆይ ያለችው እያልኩ። አይሆንም። እሷ ስትለው እኔ ዋሽቼ ጨርሻለሁ። ደግሞም እንዲያ ካለች በኋላ ዓይኗን ከበሩ ላይ አላነሳችም። ነርሷ በገባች ቁጥር ቀና ልትል ትሞክራለች። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ በሩን እያየች፣ ሄደች።

ትንሽ ቆይቶ ከእህቴ መልእክት ገባ። እንዴት ዋለች ትላለች፤ አዳራሹ ውስጥ ናት፣ ማሽኖቿን እየሞከረች ነው። ተኝታለች ብዬ መለስኩላት። አሁንስ በሥርዓቱ ነው የሄድኩት። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በዚያ ላይ ሕዝብ ፊት ልትቆም ላለች ሰው። ማለዳ፣ ሰው ይዞ፣ ቤቷ ድረስ ተሂዶ፣ ደግፎ ይዞ ነው የሚነገረው። ከቤተ ክርስቲያን ሁለት እናቶችን ለምኜ እሑድ ማለዳ ሆቴሏ ልንሄድ ተስማማን፤ ለማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም፣ አንዲት ዘመድ አለች አልኩ እንጂ። የሆቴሉን ስም ግን አላውቅም ነበር። ጠዋት ስደውል ስልኳ ዝግ ነው።

እሷ ቀድማን መጣች።

ሦስት ሰዓት ላይ ሳሎናችን ሞልቷል። ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ታጣፊ ወንበሮች ግድግዳውን ይዘዋል፣ ወንዶቹ ከውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመዋል፣ በሩ ላይ የጫማ ክምር። ታክሲ መጣ። እህቴ ነጭ አበባ ታቅፋ፣ በሌላ እጇ ያን የሸክላ ሽፋን በወረቀት ጠቅልላ ወረደች። ጥቁር አልለበሰችም፤ ቢጫ ቀሚስ ነበር። የቆመውን ሰው ሁሉ አየች፣ የጫማውን ክምር አየች፣ ከዚያ ፈገግ አለች። ይህ ሁሉ ሰው እሷን ሊቀበል የተሰበሰበ ነበር የመሰላት። ጫማዋን አወለቀችና ገባች።

በር አጠገብ የተቀመጡት ትልቋ እናት፣ ማለዳ ሊከተሉኝ የነበሩት፣ ቀና ብለው አዩአት። «ይህቺ ልጅ ማናት?» አሉኝ።

አፌን ስከፍት ያ መነጽር ያደረገ ሰውዬ ትዝ አለኝ።

«ልጃቸው ናት» አልኩ። «የእናቴ ልጅ ናት፣ እትዬ። እህቴ ናት።»

ሴቶቹ ሁሉ ተነሡ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የት እንደነበረች፣ ከየት እንደመጣች ማንም አልጠየቀም። አንዷ አንገቷን አቀፈች፣ ሌላዋ እግሯ ላይ ወደቀች፣ ሌላዋ ሳታያቸው፣ ሳታያቸው እያለች ደረቷን ትመታለች። እህቴ መሀላቸው ቆማ ፈገግታዋ ገና ከፊቷ አልጠፋም ነበር፤ አገሩ እንዲህ እያለቀሰ የሚቀበል መስሏት ይሆናል። ወደ እኔ አየች። ከዚያ ከኋላዬ ጠረጴዛው ላይ ያለውን፣ በአበባ የተከበበውን የእናቴን ፎቶ አየች። አበባዋ ከእጇ ወደቀ።

ባለቤቴ መኝታ ቤት አስገባችንና በሩን ዘጋች። እህቴ የእናቴ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የነጭ ቀሚሱ እጀታ ከጎኗ ነበር።

መቼ አለችኝ። ትላንት አልኳት። የት፣ ስንት ሰዓት አለችኝ። ነገርኳት። ስልኳን አውጥታ ትላንት የደወለችበትን ሰዓት ፈለገች። ሥራዋ ጊዜ መቁጠር ነው፤ በአንድ አፍታ ቆጠረችው።

«ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ» አለች። «ሆስፒታሉ ከእኔ ምን ያህል ይርቅ ነበር?»

የዚህን ከተማ መንገድ ስነዳ ነው የምውለው። ሃያ ደቂቃ ነው አልኳት።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ምን ትል ነበር፣ ስለ እኔ ታውቅ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ጆሮ ማዳመጫውን፣ «ለምሳ ወጡ» ያለችውን፣ ስትጨርስ ትምጣ ያለችውን፣ በሩን ስታይ መቆየቷንም። የመጨረሻውን ባልነግራት ይሻል ነበር፤ ግን ከዚያ ወዲያ መደበቅ አስጠላኝ። ስጨርስ ቀስ ብላ፣ ቃል እየመረጠች ተናገረች።

«በሕይወት እያለች ሞታለች አልከኝ። ስትሞት ደግሞ ተኝታለች አልከኝ። አንድ ቀን እንኳ፣ አንዲት ቀን፣ እንዳለችበት ልትሰጠኝ አልቻልክም?»

  ይቅርታ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ሰው ሲገፉ አውቶቡስ ላይ የሚባል ስለሆነ ከአፌ አልወጣም።

ላያት እፈልጋለሁ አለች። አስከሬኗ ያለበት ቤት ደወልኩ፣ ከሰዓት ግማሽ ሰዓት ፈቀዱልን።  እናቴ አንሶላ እስከ ደረቷ ተሸፍና ጠባብ አልጋ ላይ ተኝታለች። እህቴ ፊቷን ለረጅም ጊዜ አየች፤ ፎቶ ላይ እንዳደረገችው ሁሉ ከጣቶቿ ጀምራ፣ በክንዷ በኩል፣ ወደ ላይ። ከዚያ ዞራ ጀርባዋን ለእናቴ ሰጥታ ወለሉ ላይ ተንበረከከች፣ ትከሻዋን አልጋው ጠርዝ ድረስ አስጠጋች። ምን እንደምትፈልግ ወዲያው ገባኝ።

የእናቴን ቀኝ እጅ አንሥቼ ትከሻዋ ላይ አደረግኩት። ቀዝቅዟል፣ ይከብዳል። እንደለቀቅኩት ተንሸራቶ ወረደ። እንደገና አነሣሁት፤ አሁን በሁለት እጄ ደግፌ ያዝኩት። ክንዴ ሲዝል ጉልበቴ ላይ ወርጄ ያዝኩት። እህቴ አላለቀሰችም፣ ወደፊት ብቻ ታያለች፣ ፎቶው ላይ እንዳለችው።

በቃ እስክትለኝ ድረስ አልለቅም ብዬ ነበር። የቤቱ ሠራተኛ መጥቶ ሰዓታችሁ አልቋል እስኪለን ድረስ በቃ አላለችኝም።